አራት ጎማ እንዳልገዛ የከለከሉኝ ጎሚስታ

ቪትዜ ሃያ ዓመት አልፏታል። ልጆች ታደርሳለች፣ አስቤዛ ትሸከማለች፣ በዓል ሲደርስ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ትወስደኛለች። ክረምቱ ሲገባ ግን ፍሬን ስይዝ መንሸራተት አመጣች። ጎንበስ ብዬ ሳይ የፊት ጎማዎቿ በውስጥ በኩል መላጣ ሆነዋል። ከውጭ ጥርሳቸው ደህና ስለሆነ ቆሜ ሳያቸው አላወቅኩም ነበር።

አራት አዲስ ጎማ ልገዛ ቆርጬ ወጣሁ። አንድ ሻጭ ጎማ አንከባሎ አመጣና ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቱ አሳየኝ። መጨረሻው 3216 ይላል። "ይኸው፣ የ2016 ነው፤ የአቻምና። አስፋልት አልነካም" አለኝ። ዋጋውም ከሌሎቹ ቀነስ ይላል። ብሩ ስላልሞላልኝ እንጂ ያን ቀን ጭኜው እመለስ ነበር።

በማግስቱ አንዱ የፊት ጎማዬ ተንፍሶ አደረ። ለማስነፋት ኮተቤ መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ሄድኩ። ጎሚስታው ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ "ጋሼ" ይላቸዋል። እየነፉልኝ ስላገኘሁት የአቻምና ጎማ በኩራት አወራሁላቸው። ቁጥሩን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ሳቁ።

"ልጄ፣ ጎማ ፋብሪካ እንቁጣጣሽ አያከብርም።"

ለካ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ነው የሚናገሩት። ዓመቱ ደግሞ የፈረንጅ ነው። 3216 ማለት የ2016 እ.ኤ.አ. 32ኛ ሳምንት፣ በእኛ ነሐሴ 2008። ትልቁ ልጄ ገና ዳዴ ሲል! አስፋልት አለመንካቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ጎማ ተቀምጦም ያረጃል። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እርጥብ መንገድ ላይ አይዝም። ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ እግዜር ይወቀው። እኔን የገረመኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በሁለት ዘመን አቆጣጠር ስኖር ይህ አንድም ቀን ትዝ አለማለቱ ነው።

እዚህ ላይ ቢያቆሙም ባመሰገንኳቸው። አላቆሙም። መኪናዋን በክሪክ አንስተው ጎማውን ግራ ቀኝ ወዘወዙት። "መሪው ጋ ክፍተት አለ። ጎማሽን በውስጥ የበላው ይሄ ነው። አሁን አዲስ ብታስገቢ እሱንም ይበላዋል" አሉኝ። መጀመሪያ ጋራዥ፣ ከዚያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቀማመጥ ማስተካከል)፣ ከዚያ ጎማ። እሱም አራት ሳይሆን ሁለት፤ የኋላዎቹ ገና ይሠራሉ። ልብ በሉ፣ የሁለት ጎማ መግጠሚያ ሒሳብ እየቀረባቸው ነው የመከሩኝ።

መጠኑ ላይ ትንሽ ተከራከርን። የኔ 165/70 አር 14 ነው። ሰፈራችን ጉድጓዱ ብዙ ነውና ከፍ እንድትልልኝ 185/70 ፈልጌ ነበር። ጋሼ ካርቶን ቀደው ጻፉልኝ። 165 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 70 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱን 70 በመቶ ያህላል ማለት ነው። 14 የቸርኬው ኢንች። 185/70 ሲገባ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ወደ 3 ሳንቲሜትር ገደማ ይጨምራል፤ መኪናዋ ከመሬት ከፍ የምትለው ግን የዚያን ግማሽ ብቻ ነው። ለዚህች ስል መሪ ሙሉ በሙሉ ሲዞር ጎማው መከለያውን ሊፈገፍግ ይችላል፣ ቆጣሪው 80 ሲል የምሄደው 84 ይሆናል፣ ሺ ሲሲዋ ሞተርም ዳገት ላይ ይከብዳታል። "165 ካጣሽ 175/65 ፈልጊ" አሉኝ። ያ ከኔው ጋር በቁመት ግማሽ ሳንቲሜትር እንኳ አይለያይም።

ከሳምንት በኋላ መሪውን አሠርቼ ሁለት ጎማ ይዤ ተመለስኩ። ቁጥሩን በሞባይል መብራት ራሴ አንብቤ ነው የገዛሁት፤ ባለሱቁ ደስ አላለውም። አዲሶቹን ከፊት ይግጠሙልኝ ብል እምቢ አሉ። የኋላዎቹን ወደ ፊት አምጥተው አዲሶቹን ከኋላ አደረጉ። "ዝናብ ላይ ፊቷ ቢንሸራተት መሪው ይነግርሻል። ኋላዋ ከሄደ ግን ዞረሽ የመጣሽበትን መንገድ ነው የምታዪው።" ይህን ብለው ትርፍ ጎማውን አስወጡኝ። ጠብታ ነፋስ የለውም። መቼ እንዳየሁት ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ።

እንከናቸውንም ልናገር። ቀስ ይላሉ። ቅዳሜ ከሄዳችሁ ወረፋው ግማሽ ቀን ይበላል። የባላንስ ማሽን የላቸውም፣ ለሱ ሌላ ቦታ ይልኳችኋል። ቴሌብርም አይወዱም፣ ጥሬ ብር ያዙ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለፈው እሑድ በዝናብ ደብረ ብርሃን ደርሼ ተመለስኩ፤ ልጆቹ ከኋላ ተኝተው ነው የመጡት። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።