ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፦ ለሦስት ሰው የትኛው ኮንዶሚኒየም ይበቃል?

አዲስ አበባ ላይ ቤት ስትፈልጉ ደላላው ቀድሞ የሚጠይቃችሁ «ስንት መኝታ?» ብሎ ነው። ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ግን ይሄ ብዙም የማይረዳ ጥያቄ ነው። አልጋ እንደምንም ቦታ አያጣም። ቤቱን የሚያጠቡት የውሃ በርሜሉ፣ ምጣዱና እንግዳው ናቸው። ስለዚህ የኮንዶሚኒየም ቤቶቹን እዚህ የመዘንነው በነዚህ ሦስቱ ነው።

መጀመሪያ መጠኑ። በ20/80 (20 በመቶው ቀድሞ ተከፍሎ ቀሪው በባንክ ብድር በሚገዛው) ስቱዲዮ ብዙ ጊዜ ከ30 ካሬ በታች፣ ባለ አንድ መኝታ ከ30 እስከ 45፣ ባለ ሁለት ከ45 እስከ 60 ካሬ ገደማ ነው። በ2005 ምዝገባው የተከፈተው 40/60 (40 በመቶው ተቆጥቦ ቀሪው በብድር የሚከፈለው) ሰፋ ይላል፦ ባለ አንዱ 55፣ ባለ ሁለቱ 75፣ ባለ ሦስቱ 100 ካሬ። ልብ በሉ፣ በ20/80 «ባለ አንድ» የሚባለው 31 ካሬውም 44 ካሬውም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 13 ካሬ አንድ ደህና ሳሎን ይወጣዋል። ማስታወቂያ ላይ ካሬው ካልተጻፈ ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ።

የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት፣ ዩኤን ሀቢታት፣ በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው በላይ ካልኖረ ቤቱን የተጨናነቀ አይለውም። በዚህ ስሌት ባልና ሚስት ከአንድ ልጅ ጋር ስቱዲዮ ውስጥ ደህና ናቸው ማለት ነው። መለኪያው ሰው ይቆጥራል እንጂ ቡሃቃ አይቆጥርም።

ስቱዲዮውን በቁጥር እንየው። ቤቱ 28 ካሬ ነው እንበል። ሽንት ቤቱና ሻወሩ 3 ካሬ፣ ማዕድ ቤቱ 3.4፣ ግድግዳውና መግቢያው ደግሞ የቀረውን ወስደው 4.50 በ4.00 የሆነ አንድ ክፍል ተረፈ፤ 18 ካሬ መሆኑ ነው። አልጋው 1.50 በ2.00 ነው፤ በአንድ ጎኑና በግርጌው 60 ሳንቲም መተላለፊያ ስትተዉለት 5.5 ካሬ ይይዛል። 1.60 ስፋት ያለው ቁምሳጥን ከበሩ መክፈቻ ጋር 2.1 ካሬ ነው። ማቀዝቀዣው ከፊት ለፊቱ ጋር 0.75 ይፈልጋል። ግድግዳ ታኮ የሚዞር አነስተኛ መጅሊስ 2.3፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ 0.5። ሲደመር 11 ካሬ አለፈ። ከበሩ እስከ በረንዳው የሚሄደው 80 ሳንቲም መንገድ 3.6 ይወስዳል። ለረከቦቱና ለቡና አፍይዋ መቀመጫ 1.2 ስትሰጡ በእጃችሁ የሚቀረው 2 ካሬ ገደማ ነው።

የሕፃን አልጋ (1.20 በ60) እናትየዋ ከምትቆምበት ጋር 1.4 ካሬ ነው። ገባ! ግን ከዚህ በኋላ የቀረው አንድ ካሬ እንኳን አይሞላም፤ በርሜሉ ደግሞ ገና አልተቀመጠም። ስቱዲዮ ለሁለት ሰው ጥሩ ቤት ነው፤ ከ5 አራት እንሰጠዋለን። ለሦስት ሰው የሚያገለግለው ልጁ መሄድ እስኪጀምር ነው። ከዚያ ወዲያ ወይ መጅሊሱ ይነሳል ወይ ቡናው ይቀራል፤ ያኔ ነጥቡ ሁለት ነው።

የስቱዲዮው ትልቁ ድክመት ያለው ማዕድ ቤቱ ላይ ነው። ምጣዱ ከነማስቀመጫው 70 በ70 ሳንቲም ይፈልጋል። አክንባሎው ሲነሳ የሚያርፍበት ሌላ 70 ሳንቲም ያስፈልገዋል፤ ሰፌዱ ጉልበት ላይ ይዋል እንኳ ቢባል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ከ40 የሆነ ያልተያዘ ጎን ያስፈልጋል። 1.70 በ2.00 ማዕድ ቤት ውስጥ ሲንኩ አንድ ሜትር፣ ምድጃው 60 ሳንቲም ይዞ 1.40 የትም አይገኝም። በጋገሩ ቁጥር ምጣዱን ከአልጋ ሥር እያወጡ መመለስ ደግሞ ሸክላውን ያስሰነጥቃል፤ በጎኑ ማቆም ከሥሩ የተቀበረውን ሽቦ ያላላል። ሌላው ችግር እንፋሎቱ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ በማዕድ ቤቱና በአልጋው መካከል በር አይኖርም፤ ወይ መጋረጃ ነው ወይ ባዶ። እንፋሎቱ የውጭውን ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ቀለሙ ይላጣል፣ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ሻጋታ ይወጣል። ቁምሳጥኑን ከግድግዳው 5 ሳንቲም አርቁት፤ በሚጋገርበት ቀን መስኮቱም የበረንዳውም በር ይከፈት።

እንጀራ ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ያለፈውን አንቀጽ እርሱት። እንዲያውም እንጀራ መግዛት የቤት ኪራይ እንደሚያቀል ብዙ ሰው አያስብም፤ ምጣዱ፣ የሊጡ ባልዲና የጤፉ ኬሻ ሲወጡ ከቤቱ አንድ ካሬ ተኩል ይለቀቃል።

የምትጋግሩ ከሆነ ግን ከካሬው እኩል የኤሌክትሪኩን ሳጥን እዩ። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። የማዕድ ቤቱ ብሬከር 16 የሚል ከሆነ ምጣዱ ብቻውን ጫፍ ላይ ነው፤ ምድጃ ሲጨመር ይወድቃል። ብሬከሩን በትልቅ መቀየር መፍትሔ አይደለም፤ ሽቦው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ ብሬከሩ ዝም ይልና ሶኬቱ ሊቀልጥ ይችላል። ከሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። ይህንን ውል ከመፈረም በፊት ከአከራዩ ጋር ተነጋገሩ፤ ከገባችሁ በኋላ ወጪው የእናንተ ይሆናል።

አሁን ወደ ውሃው። በቁጠባ አንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ይጨርሳል ብንል ሦስት ሰው 120 ሊትር ነው። ፈረቃው ሦስት ቀን ከተራራቀ 360 ሊትር ማስቀመጥ አለባችሁ። ሁለት በርሜል ወይም 18 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው። በርሜሉ ወደ 60 ሳንቲም ስለሚጠጋ ሁለቱ 0.7 ካሬ ይይዛሉ፤ ለመቅጃ የሚቆመው ሰው ሲጨመር ከአንድ ካሬ ያልፋል። ሊፍት በሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ብሎኮች ላይ ደግሞ ግፊቱ ሲደክም ውሃው ታች ቀርቶ ላይኛው ፎቅ ሌሊት ጠብ ጠብ ይላል። ስለዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ 38 ካሬ ምድር ላይ ካለው 38 ካሬ ያንሳል፤ ኪራዩም ሊያንስ ይገባል። ስትደራደሩ ይህንን ንገሯቸው። አንድ ጥንቃቄ፦ የሞላ በርሜል 200 ኪሎ ነው። የሚቀመጠው ውስጥ፣ ግድግዳ ወይም ኮለን (ምሰሶ) አጠገብ ነው። በረንዳ ጫፍ ላይ ሁለት በርሜል ጎን ለጎን መደርደር አይገባም።

ባለ አንድ መኝታ፣ ከ38 እስከ 44 ካሬ ያለው፣ ለሦስት ሰው የምንመርጠው ቤት ነው። የመኝታ ክፍሉን እንዲህ ፈትኑት፦ 1.50 አልጋ በሁለቱም ጎን 60 ሳንቲም ሲተውለት 2.70 ስፋት ይወጣል። ርዝመቱ አልጋው 2.00፣ መተላለፊያው 60፣ ቁምሳጥኑ 60 ሆኖ 3.20 ይሆናል፤ የቁምሳጥኑ በር ተንሸራታች መሆን አለበት። ከዚህ ካነሰ አልጋው አንድ ጎኑን ከግድግዳ ጋር ይጣበቅና ውስጥ የሚተኛው ሰው ሌሊት በተነሳ ቁጥር ሌላውን ይረግጣል። 1.80 አልጋ ያላችሁ 30 ሳንቲም ጨምሩበት።

ሳሎኑ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሶፋ ሲገዛ ነው። ሰው ተቀምጦ 55 ሳንቲም ይይዛል። ሳሎኑ 3.20 በ3.00 ቢሆንና 70 ሳንቲም ጥልቀት ያለው መጅሊስ በሁለት ግድግዳ ቢዞር 5 ሜትር ተኩል መቀመጫ ይገኛል፤ አሥር ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ማዕዘኑ ላይ የሚደርሰው እግሩን የት እንደሚያደርግ ሲቸገር ስለሚውል ዘጠኝ በሉት። መሐል ላይ ለሞሰብና ለረከቦት ከሁለት ሜትር በላይ ይተርፋል። እዚያው ሳሎን ውስጥ ባለ ትልቅ እጀታ ሶፋ ብታስገቡ ግን ስድስት ሰው ተቀምጦ ሰባተኛው በርጩማ ይፈልጋል። ከሩቅ የመጣ ዘመድ ቢያድር መጅሊሱ አልጋ ይሆናል፤ ርዝመቱ 1.90 መድረሱን ብቻ አረጋግጡ።

31 እና 32 ካሬ የሆነው ባለ አንድ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ግድግዳ የተጨመረበት ስቱዲዮ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ አከራዩ በችፑድ ወይም በአግሮስቶን የከፈለው ስቱዲዮ ሆኖ «ባለ አንድ» ተብሎ ይወጣል። መለየት አይከብድም፦ መኝታው የራሱ መስኮት ከሌለው የተከፈለ ነው።

ባለ ሁለት መኝታ ለሦስት ሰው ያስፈልጋል? 46 ወይም 47 ካሬ ከሆነ አያዋጣም። ሁለተኛው መኝታ የሚገኘው ከሳሎኑ ተቆርጦ ነው። ለ80 ሳንቲም በር መዞሪያ ብቻ 0.64 ካሬ ይሄዳል፤ ግድግዳና መተላለፊያ ይከተላሉ። 44 ካሬ ባለ አንድ ከ46 ካሬ ባለ ሁለት ይልቅ ሰፊ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ከ52 ካሬ በላይ ሲሆን ግን ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ይህን መክፈል የሚገባችሁ አብራችሁ የምታድር የቤት ሠራተኛ ካለች (ማዕድ ቤት መሬት ላይ ፍራሽ ማንጠፍ መኝታ አይባልም)፣ ለሕክምና ከገጠር እየመጣ ወር የሚቆይ ወላጅ ካለ፣ ወይም ወንድና ሴት ልጆች እያደጉ ከሆነ ነው። «ምናልባት ልጅ ብንጨምር» ለሚለው ደግሞ አዋጁ መልስ አለው፦ በኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። እንግዲህ ለሁለት ዓመት ለኩ፤ ለአሥር ዓመት አትለኩ።

የ40/60 ባለ አንዱ፣ 55 ካሬው፣ ለአራት ሰውም ይሆናል፤ ዋጋው ከተስማማችሁ ምንም አንልም። ሊፍት አለው። ብቻ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱም የውሃ መግፊያውም አብረው ስለሚቆሙ ጄኔሬተር መኖሩን ብቻ ሳይሆን ነዳጁን ማን እንደሚሞላ ጠይቁ።

ቤት ልታዩ ስትሄዱ 5 ሜትር መለኪያና ጠመኔ ያዙ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለኩና አልጋውን፣ ቁምሳጥኑን፣ መጅሊሱን ወለሉ ላይ በጠመኔ ሥሩ። ከዚያ በሮቹን ሁሉ ክፈቱ፤ መስመሩን የረገጠ በር ካለ ዕቃው አይገባም። ባዶ ክፍል ዓይን ያታልላል፤ ጠመኔው አያታልልም። ጎረቤት ካገኛችሁ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ እሱን ጠይቁ፤ ደላላውን አትጠይቁ። የጋራ መገልገያ ቤቱም፣ ኮሚናሉ፣ ክፍት መሆኑን እዩ፤ እንጀራ መጋገሪያ፣ ልብስ ማጠቢያና በግ ማረጃ እንዲሆን የተሠራ ነው፤ በየሳይቱ ለሌላ ሥራ የተከራየም አለ። የሚሠራ ኮሚናል ያለው ስቱዲዮ በእርግጥ ሦስት ካሬ ይጨምራል።

በረንዳን በመስታወት ዘግቶ ክፍል ማድረግ የተለመደ ነው። አንመክርም። ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ልብስ ማስጫው ይጠፋል። ከሁሉ የከፋው ከሰሉ ነው፤ የተዘጋ በረንዳ ላይ የተቀጣጠለ ከሰል ጭሱ ወደ ቤት ነው የሚገባው፤ የሚገድለው ጋዝ ደግሞ ሽታ የለውም።

ቀሪው ደረጃው ነው። ደረጃው ከ1.20 ብዙም ስለማይሰፋ 2.20 ርዝመት ያለው አንድ ወጥ ሶፋ መታጠፊያው ላይ ይያዛል። ለሁለት የሚከፈል ሶፋ፣ የሚፈታ ቁምሳጥን፣ ራስጌው የሚነቀል አልጋ ግዙ። ቡፌውን በመጨረሻ አስቡት፤ በዓመት ሁለቴ ለሚወጣ ብርጭቆ 1.80 በ45 ሳንቲም ይወስዳል። በበሩ ሳይገባ ቀርቶ ኮሪደር ላይ የሚከርመውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።