ሉቡንቱ ለአሮጌ ላፕቶፕ፦ የረጋው ይሻላል ወይስ ዴይሊው?

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ከደብረ ብርሃን ይደወላል፣ ከመሐል ሜዳ ይደወላል፣ ከሸዋ ሮቢት ይደወላል። ሰው ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛል። ዊንዶውስ 10 ይንቀረፈፍበታል፤ ድጋፉም በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ማሽኑን አይቀበለውም። ከዚያ ለአሮጌ ማሽን ቀለል ተደርጎ ወደተሠራው የኡቡንቱ ሊኑክስ ዓይነት፣ ወደ ሉቡንቱ፣ ይመጣና "የትኛውን ላውርድ? ኤልቲኤሱን ወይስ አዲሱን ዴይሊ?" ይለኛል።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ላፕቶፑን ለትምህርት፣ ለቢሮ ወይም ለሱቅ ሒሳብ የሚፈልግ ሰው ኤልቲኤሱን ይጫን። 24.04ን ማለቴ ነው። ዴይሊውን እወደዋለሁ፣ እሞክረዋለሁም። የምሞክረው ግን ከፍላሽ ነው፤ የሥራ ዲስክ ላይ አላስገባውም።

ልዩነቱን ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። ኤልቲኤስ በየሁለት ዓመቱ ኤፕሪል ላይ የሚወጣ፣ ተፈትኖ የረጋ ቅጂ ነው። ሉቡንቱ 24.04 እስከ ኤፕሪል 2027 ድረስ ድጋፍ አለው። ዴይሊ የሚባለው ገና በመሠራት ላይ ያለው የቀጣዩ ቅጂ ነው፤ በየቀኑ እንደገና ይገነባል። ዛሬ የሚሠራው ነገ ሊበላሽ ይችላል። ዛሬ የተበላሸውም ነገ ተስተካክሎ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ብሩ እንግባ።

ሊኑክስ በነፃ ነው ሲባል ሰው ወጪ የሌለው ይመስለዋል። የሚከፈለው ለዳታ ነው። አይኤስኦ የሚባለው የሉቡንቱ መጫኛ ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይመዝናል። ኤልቲኤሱን አንዴ ካወረዳችሁት ለዓመታት ያገለግላችኋል። ለጓደኛ ትሰጣላችሁ፣ ጓደኛ ለጎረቤት ይሰጣል። የዴይሊው አይኤስኦ ግን በሳምንቱ ያረጃል። ችግር ገጥሟችሁ "ተስተካክሎ ይሆን?" ብላችሁ ልታዩ ስትፈልጉ እንደገና 3 ጊጋ ነው። የዚሲንክ ፋይል አብሮ ከተቀመጠ የተለወጠውን ክፍል ብቻ መጎተት ይቻላል። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ከተጫነ በኋላ ያለው ደግሞ ይብሳል። ዴይሊ ላይ አፕዴት የዕለት ተዕለት ነው። ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ይለወጣል፣ ሊብረኦፊስ ይለወጣል፣ ዴስክቶፑ ይለወጣል። በሞባይል ዳታ የሚኖር ሰው የወር ጥቅሉን በአፕዴት ብቻ ሊጨርስ ይችላል። ኤልቲኤሱ ላይ የሚመጣው በአብዛኛው የደኅንነት ጥገና ነው። እሱንም በሳምንት አንዴ፣ ሌሊት ጥቅሉ ሲረክስ ማውረድ ይቻላል።

እዚህ ላይ ለሁለቱም የሚሠራ ነገር ልጨምር። ሉቡንቱ ላይ ፋየርፎክስ የሚመጣው ስናፕ በሚባለው የፕሮግራም ማከፋፈያ ነው። ስናፕ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር መኖሩን ይፈትሻል፤ ካገኘ ሳይጠይቅ ያወርዳል። ዳታችሁ የት እንደገባ ሳታውቁ የሚያልቀው በዚህ ነው። "ስናፕ ሪፍሬሽ" በሚለው ትዕዛዝ ላይ "ሆልድ" የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ አስቁሙት። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ግን ራሳችሁ አድሱት። ብራውዘር ሳይታደስ መቆየት የለበትም። የ24.04 ኢንስቶለር "ሚኒማል" የሚል ምርጫም አለው፤ እሱን የመረጠ ሰው ስናፕም ብራውዘርም አይመጣለትም፣ የሚፈልገውን ብቻ ይጨምራል።

ኤልቲኤሱን የምወድበት ሌላ ምክንያት እኛ አካባቢ በደንብ ይገባል። አንድ ሰው አፕዴቱን አፕት-ጌት በሚባለው ትዕዛዝ ካወረደ ፋይሎቹ በማኅደሩ ውስጥ ይቀራሉ። እነሱን በፍላሽ ገልብጦ ሌላ ላፕቶፕ ላይ መጫን ይቻላል። አምስት ተማሪ አንድ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ከሆነ አንዱ ያወርዳል፣ አራቱ ይገለብጣሉ። ይህ የሚሆነው ግን ሁሉም አንድ ቅጂ ላይ ሲሆኑ ነው። ዴይሊ የጫኑ ልጆች የተለያየ ቀን ላይ ስለሆኑ የአንዱ ፋይል ለሌላው አይገጥምም። ሁሉም የየራሱን ይከፍላል።

መብራትን ደግሞ አትርሱ። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው ብዙ ጊዜ የሞተ ነው። ኮፒ ባትሪ የገዛም በጥቂት ወር ውስጥ እዚያው ይመለሳል። አፕግሬድ መሀል መብራት ከሄደ ፓኬጆቹ ግማሽ ተጭነው ግማሽ ይቀራሉ። ኤልቲኤስ ላይ ይህ ሲገጥም የተቋረጠውን የሚያስጨርሰው የዲፒኬጂ ትዕዛዝ አብዛኛውን ጊዜ ያድነዋል። ዴይሊው በየቀኑ ብዙ ፓኬጅ ስለሚለውጥ አደጋው የሚደርስበት ዕድል ሰፊ ነው። የተቋረጠውም ከርነል ከሆነ ማሽኑ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ያኔ ከቡት ሜኑው የቀድሞውን ከርነል መርጦ መግባት ነው።

ከገንዘቡ የሚበልጠው ነገር ደግሞ ይኸውና። በፈረንጆቹ ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከባድ ነገር አጋለጠ። ኤክስዜድ የሚባለው ፋይል የሚያምቅ ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር፣ ማለትም ሌላ ሰው በስውር የሚገባበት ቀዳዳ፣ አገኘ። የጠረጠረው በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከርቀት መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው። ያ ፕሮግራም ኡቡንቱ የተመሠረተበት ዴቢያን ገና በሙከራ ላይ ባሉት ቅጂዎቹ፣ በቴስቲንግና በአንስቴብል፣ ውስጥ ገብቶ ነበር። በግንባታ ላይ የነበረው ኡቡንቱ 24.04ም ፓኬጆቹ እንደገና እንዲገነቡ ተደርጎ ቤታው (የሙከራ ቅጂው) በአንድ ሳምንት ተገፋ። የረጉት ቅጂዎች ግን አልተነኩም። የባንክ አካውንቱን በላፕቶፑ የሚከፍት ሰው ይህን ያስብበት።

በዚያው ሰሞን ሌላም ነበር። የ32 ቢት ሲስተሞች የሰዓት አቆጣጠር በ2038 እንዳይበላሽ ሲባል ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው ብዙ ላይብረሪዎች ስማቸው እየተለወጠ እንደገና ይገነቡ ነበር። በዚያ መሀል አፕግሬድ ያዘዘ ሰው "እነዚህ ይጠፋሉ" የሚል ረጅም ዝርዝር ይመጣበታል። ዝርዝሩ ውስጥ ዴስክቶፑ ራሱ ሊኖር ይችላል። ሳያነብ እሺ ያለ ሰው ጥቁር ስክሪን ላይ ይነቃል። ዴይሊ የምትሞክሩ ሁሉ "የሚጠፉ" የሚለውን መስመር ሳታነቡ እሺ አትበሉ። ዝርዝሩ ከረዘመ ጥቂት ቀን ጠብቁ።

ዋይፋይም አለ። ካገለገሉ ዴልና ኤችፒ ላፕቶፖች መሀል ብሮድኮም ካርድ ያላቸው አሉ። የአንዳንዶቹን ሾፌር (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ብሮድኮም ከ2015 ወዲህ አላደሰውም። ኤልቲኤሱ ላይ ይሠራል። ዴይሊው አዲስ ከርነል ሲያመጣ ያ ሾፌር መገንባት ያቅተውና ዋይፋዩ ይጠፋል። እስኪስተካከል ስልካችሁን በገመድ ሰክታችሁ የዩኤስቢ ቴዘሪንግ ክፈቱ፤ ያለ ተጨማሪ ሾፌር ይሠራል።

ዴይሊውን ግን በማያጠፋው እንዳንከሰው። "ዴይሊው አበላሸብኝ" ተብሎ ወደ እኔ ከመጣው ብዙው ጥፋቱ የሌላ ነበር።

ዋነኛው ሌባ ኮፒ ፍላሽ ነው። አንድ ጓደኛዬ 64 ጊጋ የሚል ፍላሽ በ400 ብር ገዛ። ብዙ አይኤስኦ ከአንዱ ፍላሽ እንዲነሳ አዘጋጀውና መጀመሪያ ኤልቲኤሱን፣ ቀጥሎ አንቲኤክስ የሚባለውን ሌላ ቀላል ሊኑክስ፣ ቀጥሎ ሌሎች ፋይሎቹን፣ መጨረሻ ላይ ዴይሊውን ገለበጠ። ኤልቲኤሱ ጥሩ ተነሳ። ዴይሊው ግን መሀል ላይ ቆመ። እሱ ዴይሊው ተበላሽቷል አለ። ፍላሹን ኤፍ3 በሚባለው ፕሮግራም ስንፈትሸው እውነተኛው መጠን 8 ጊጋ ሆኖ ተገኘ። ከ8 ጊጋ በኋላ የተጻፈው ሁሉ የትም አልደረሰም። መጀመሪያ የተገለበጠው ኤልቲኤስ የዳነው ከፊት ስለነበረ ብቻ ነው። ሻጩ "እኔም እንደዚሁ ነው የተረከብኩት" ብሎ አልመለሰለትም። ስለዚህ ጨምራችሁ ከፍላችሁ ትክክለኛ 16 ጊጋ ግዙ። ከተቻለ ሻጩ ፊት ሞልታችሁ ፈትሹት። ኤፍ3 ፕሮብ ላይ አጥፊ የሚባለውን ፍተሻ ስትጠቀሙ ውስጡ ያለው እንደሚጠፋ አትዘንጉ። የወረደውን አይኤስኦ ደግሞ ሳይበላሽ መውረዱን በሚያሳየው በሻ256 ቁጥሩ አመሳክሩ። ሉቡንቱ ሲነሳ ራሱ የሚያደርገውን የፋይል ፍተሻም አታቋርጡት።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ደብረ ብርሃን ብርዱ ላፕቶፑን ይረዳዋል። ያው ማሽን ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ሌላ ሆኖ ይገኛል። አንድ ተማሪ ደውሎ "ጋሼ፣ ዴይሊው ቪዲዮ ስከፍት በራሱ ያጠፋብኛል" አለኝ። ኤልቲኤሱን ከፍላሽ አስነስቶ ያንኑ ቪዲዮ እንዲከፍት ነገርኩት። እሱም ጠፋ። ፋኑ በአቧራ ተደፍኖ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፔስት ደርቆ ነበር። ፔስቱ 200 ብር፣ ማጽዳቱ የእጅ ሥራ ነበር። አንድ ችግር በሁለቱም ቅጂ ላይ ከታየ ሶፍትዌሩን ተዉትና ማሽኑን ክፈቱ።

ሦስተኛው ትንሿ የባዮስ ባትሪ ናት። ላፕቶፑ ተነቅሎ ሲያድር ባዮሱ ቅንብሩን ይረሳል፣ የቡት ቅደም ተከተሉም ይለወጣል። ሰው ሉቡንቱው የጠፋ ይመስለዋል። ባትሪዋ ርካሽ ናት። ለዚህች ብለው 500 ብር ከፍለው ዲስካቸውን ፎርማት ያስደረጉ ሰዎች አሉ፤ ፎቷቸውም ጽሑፋቸውም ጠፋ። በጣም ያሳዝነኛል።

ታዲያ ዴይሊው ለማን ነው? ለመማር ለሚፈልግ ሰው። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታጠኑ ልጆች፣ እውነቴን ነው፣ ከዚህ የተሻለ የተግባር ትምህርት በዚህ ዋጋ አታገኙም። ከፍላሽ በላይቭ፣ ማለትም ሳትጭኑ፣ አስነሱት። ድምፅ፣ ዋይፋይ፣ የስክሪን ብርሃን፣ ክዳን ሲዘጋ መተኛቱን እዩ። አማርኛ መጻፉንም ፈትሹ፤ አይባስ በሚባለው የቋንቋ መጻፊያ ላይ ኤም17ኤን የሚባለውን ካከላችሁ ሴራ፣ ማለትም አማርኛን በላቲን ቁልፎች መጻፊያው፣ አብሮ ይመጣል። አቢሲኒካ ፎንትም በፓኬጅ አለ። ኢንስቶለሩን የምትሞክሩት ደግሞ ምንም በሌለበት ትርፍ ዲስክ ላይ ይሁን።

ችግር ስታገኙ "አይሠራም" ብቻ ማለት ማንንም አይረዳም። መጀመሪያ የየትኛው ቀን ግንባታ እንደሆነ ጻፉ፤ አይኤስኦው ላይ ዲስክ የሚባለው ድብቅ ፎልደር ውስጥ ኢንፎ የሚል ፋይል ላይ ቀኑ አለ። ቀጥሎ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁ፣ ምን እንደሆነ። ኢንስቶለሩ ካላማሬስ ከወደቀ ካሽ ፎልደሩ ውስጥ ሴሽን ሎግ የሚባል ፋይል ይተዋል። የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ፤ ቡትሎደር ላይ ይሁን ዲስክ መከፋፈል ላይ የወደቀበት ቦታ እዚያ ተጽፏል። የከርነሉን መልእክት ለማየት ዲመሴጅ፣ ለቀረው ጆርናልሲቲኤል አለ። ይህን ሁሉ ይዛችሁ የኡቡንቱ ችግሮች በሚመዘገቡበት ድረ-ገጽ፣ ሎንችፓድ ላይ አስመዝግቡ። በእኛ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ የታየ ችግር ካልተነገረ ማንም አያስተካክለውም፤ አዘጋጆቹ እነዚህን ማሽኖች እጃቸው ላይ የላቸውም።

ላፕቶፕ ገና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ስለ ቅጂው ከመጨነቃችሁ በፊት ፕሮሰሰሩን እዩ። ሉቡንቱ አሁን 64 ቢት ብቻ ነው። በርካሽ የሚሸጡት ትንንሽ ኔትቡኮች ውስጥ አቶም ኤን270 ያለባቸው አሉ፤ እነሱ 32 ቢት ናቸው። ለእነሱ አንቲኤክስ 23 ይሆናል፤ በ512 ሜጋባይት ራምም ይነሳል። መልኩ ደረቅ ነው፣ ለመልመድም ጊዜ ይወስዳል። እኔ ግን ኔትቡኩን ራሱን አትግዙት እላለሁ። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ገዝታችሁ ያገለገለ 4 ጊጋ ራም ብትጨምሩበት ይሻላል። ብር ከተረፈ ትንሽ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ)። ከየትኛውም ቅጂ ለውጥ በላይ ፍጥነቱን የምታዩት በኤስኤስዲው ነው።

ዴይሊውን ዲስካችሁ ላይ ቀድማችሁ ለጫናችሁ ደግሞ አጥፍታችሁ እንደገና መጫን የለባችሁም። አፕዴቱን ከቀጠላችሁ ቅጂው በይፋ ሲወጣ ያው ማሽን የረጋው ቅጂ ይሆናል። እስከዚያ የግል ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። 24.04 ላይ ያላችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። ኡቡንቱ ከኤልቲኤስ ወደ ኤልቲኤስ መሸጋገሪያውን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ የነጥብ አንድ እርማቱ ሲወጣ ነው። ለምሳሌ 24.04.1 የወጣው ኦገስት 2024 ላይ ነበር። ለሽግግሩ ሙሉ ጥቅል ግዙ፣ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ይዛችሁ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት ጀምሩት።