የአፕል ችግኝ፦ ከገበያ ወይስ ከችግኝ ጣቢያ?

ኩታበር ያለው ጓሮዬ ማፍራት ከጀመረ ወዲህ ጠያቂው በዝቷል። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ «ጣቢያው ያስወድዳል፤ ከገበያ ብገዛስ?» አትግዙ። እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት ጣቢያው አንዱን ችግኝ በ150 ብር ሲሸጥ፣ ደሴ ገበያ ላይ «የተዳቀለ አና ነው» (አና የተባለው የአፕል ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ የተጋጠመ ማለት ነው) የተባለውን በ60 ብር አገኘሁና አሥር ገዛሁ። የተጋጠመው ቦታ በፕላስቲክ ስለሚታሰር፣ ግንዱ ላይ ተጠምጥሞ ሳየው አመንኩ። ክረምቱ ሲወጣ ብፈታው ቋጠሮ የለ፣ ጠባሳ የለ፤ ቀጥ ያለ ዘንግ! ከፍሬ የበቀለ ችግኝ ላይ ለማስመሰል የታሰረ ነበር። በአራት ዓመት ከቤቱ ክዳን በላይ ረዘሙ፤ አበባ ግን አላሳዩኝም። ጥጥ የሚለብሰው ክሽክሽ የተባለ ተባይ ደግሞ ሥራቸውን ሳይቀር አሳበጠው። ስድስቱ ማገዶ ሆኑ። በቀሩት አራቱ ላይ አንድ ልጅ የእውነተኛ አና ቅርንጫፍ አጋጠመልኝ፤ በየዛፉ ሦስት፣ አንዱን በ50 ብር። ሒሳቡን ሥሩት፦ 600 ለችግኝ፣ 600 ለጥገና፣ የተረፈው አራት ዛፍ። አንዱ 300 ብር ወጣበት፤ ሥሩም ያው የበፊቱ ነው።

የጣቢያው ችግኝ የቆመው ኤም ኤም 106 በተባለ ሥር ላይ ነው። እንግሊዞች ክሽክሹን የሚቋቋመውን ኖርዘርን ስፓይ የተባለ የአፕል ዝርያ ከሌላ ጋር አዳቅለው ያወጡት ነው። ከክሽክሹ የሚጠበቀው ሥሩ ነው እንጂ ከላይ ያለው ቅርንጫፍ አይደለም፤ እሱን አሁንም በዓይን መከታተል ያስፈልጋል። ዛፉ ብዙ አይገዝፍም፤ እኔ በሦስተኛው ዓመት ቀምሻለሁ። አና ብቻውን ሲሆን ማፍራት ስለሚሰንፍ ዶርሴት ጎልደን የተባለውን ሌላ ዝርያ አጠገቡ ትከሉ።

ኤም ኤም 106 ጉድለትም አለው፤ ውኃ የሚቋጥር ዋልካ ላይ ይበሰብሳል። ሁለት ሞተውብኛል። መሬታችሁ እንዲያ ከሆነ ኤም ኤም 111 የተባለውን ሥር ጠይቁ፤ ዛፉ ይተልቃል፣ ፍሬውም ይዘገያል እንጂ ይችለዋል።

ስትገዙ ፕላስቲኩን አስፈቱና ግንዱን በአውራ ጣታችሁ ዳስሱት፤ የተጋጠመው ችግኝ ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ጉብታ ወይም ጎበጥ ያለ ቦታ አለው። ስትተክሉም ጉብታውን አፈር አታልብሱት፤ አናው የራሱን ሥር ካወጣ የከፈላችሁበት ሥር ከንቱ ይሆናል። ሻጩ «ሲፈታ ይደርቃል» ካላችሁ ግን ዋጋ አትከራከሩ፤ ወደ ቀጣዩ ሻጭ እለፉ።