የበረራ ነጥቤን ማን ነካው?

ዘንድሮ ጎጃም የገባሁት ቤተሰብ ለመጠየቅ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ያለው መንገድ ጊዜ ይበላል። የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ተነሱ። ማርቆስ ያረፍኩበት ቤት ንጹሕ ነው፤ ሠራተኞቹም ሰው አክባሪ ናቸው።

ያናደደኝ ሌላ ነው። እዚያው እያለሁ የበረራ ነጥብ (በአውሮፕላን ስንጓዝ የሚሰጠንና በኋላ ቲኬት የምንቆርጥበት) ከማጠራቅምበት የውጭ ድርጅት ኢሜይል መጣ። ፓስወርድህ ተቀይሯል ይላል። እኔ አልቀየርኩም! ልግባ ብል አካውንቱ እምቢ አለ።

ደወልኩ። በውጭ አገር ጥሪ ሂሳብ ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆዩ። በመጨረሻ ያነሳችው ልጅ፣ በተመዘገበው ስልክ የተላከውን ኮድ ንገረኝ አለች። ያ ቁጥር ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራልኝም አልኳት። እንግዲያው ምንም ማድረግ አልችልም አለች። እሺ፣ አትክፈቺልኝ፣ እገጂው ብቻ ብዬ ለመንኳት። ለእሱም ኮድ ያስፈልጋል!

ይሄ ነው ያልገባኝ። አካውንት ለመክፈት ማንነት ይጣራ፤ ልክ ነው። በስህተት ቢታገድ ግን የምቸገረው እኔው ነኝ። ካልታገደ ሌባው በነጥቤ ለሌላ ሰው ቲኬት ይቆርጣል። ቀጥለው ደግሞ የፓስፖርቴን ፎቶ በኢሜይል እንድልክ ጠየቁኝ። ኢሜይሌም ተይዞ ቢሆንስ?

የደረሰችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የኢሜይሉን ፓስወርድ ይቀይሩ፤ የሁሉም ነገር መመለሻ ሊንክ የሚመጣው በእሱ ነው» አለችኝ። ወዲያው ቀየርን። ሌላ ቦታ የገባ ስልክና ኮምፒውተር ካለ እንዲወጣም አደረገች።

እዚያው ማርቆስ ሲም ካርድ ያወጣሁበት ሱቅ ትዝ አለኝ። ልጁ ፓስፖርቴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ከዚያ ስሜ በትክክል መጻፉን እንዳይ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። ሰው ፊት ለፊት ሲያናግርህ እንዲህ ያልቃል።

ለበዓል የምትመጡ ወገኖቼ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የማረጋገጫ ኮዱን ከኤስኤምኤስ ኮዱን እዚያው ስልኩ ላይ ወደሚያወጣ መተግበሪያ (authenticator) አዙሩት። እሱ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ስልኩ ቢጠፋ የምትገቡባቸውን የመጠባበቂያ ኮዶችም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ።

ድርጅቱ አሁንም ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው ይለኛል። ነጥቤ ይኑር አይኑር እንኳ ሊነግሩኝ አልፈለጉም። እኔ ከእነሱ የምፈልገው፣ ደንበኛ ተሰረቅሁ ሲል ያለ ኮድ የሚያግድ ሰው ስልኩ ላይ እንዲያስቀምጡ ነው።