ባለ ሦስት ጣሳው የስንጥቅ መፈለጊያ ቀለም፦ ለጣና ጀልባዎች ይበቃል?

ለባሕር ዳር የጀልባ ጋራዦች የሚመከር ዕቃ ነው፤ ግን በማጽዳቱ ካልሰነፉ ብቻ። ስብስቡ ማጽጃ፣ ቀይ ቀለምና ቀለሙን ስቦ የሚያወጣ ነጭ መርጫ አለው። በፕሮፔለር፣ በዘንግና በቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ ዓይን የማያየውን የድካም ስንጥቅ፣ ማለትም ብረት በተደጋጋሚ ጫና ሲደክም የሚፈጠረውን፣ ያጋልጣል።

መጀመሪያ ግራሶውና የሐይቁ ደለል ይጠረግ፤ የሚመረመረው የጀልባ ክፍልም በደንብ ይድረቅ። በሽቦ ብሩሽ አይፈግፍጉት፤ በተለይ አልሙኒየም ስለሚለጠጥ የስንጥቁ አፍ ይደፈናል። ቀዩን ረጭተው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ ገጹ ላይ የቀረውን ቀለም ሲጠርጉ ማጽጃውን በጨርቁ ላይ እንጂ በቀጥታ በክፍሉ ላይ አይርጩ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ቀለም አብሮ ይታጠብና ክፍሉ ደህና ይመስላል። ነጩን ጣሳ ነቅንቀው ስስ አድርገው ይርጩ፣ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ስንጥቅ ካለ ቀይ መስመር ይወጣል። የቀትር ፀሐይ ያጋለው ብረት ላይ ቀለሙ ቶሎ ስለሚደርቅ ሥራው በጥላ ይሁን።

ጉድለቱ፦ ገጽ ላይ ያልደረሰ ስንጥቅ አያሳይም፤ ለዚያ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ ሻካራ አልሙኒየም ደግሞ ሁለመናው ቀይ ሆኖ ያደናግራል።

ለአውሮፕላን ሞተር የሚውለው በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያበራ ቀለም ነው። እሱም ቢሆን ያለ ንቁ ዓይን ዋጋ የለውም፤ በ1989 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሱ ሲቲ ላይ የተከሰከሰው ዲሲ-10 አውሮፕላን የፋን ዲስኩ (የሞተሩን የፊት ምላጮች የሚይዘው ክብ ብረት) ስንጥቅ በቀደመ ምርመራ ሳይታይ አልፏል።

ማጽጃው ቀድሞ ያልቃልና ሲገዙ ትርፍ ጣሳ ይያዙ።