በኮምቦልቻ የተሰጠው የባሕር ላይ መዋቅሮች ሥልጠና፦ አጭር ግምገማ

በኮምቦልቻ አንድ የግል ማሠልጠኛ ለሲቪል መሐንዲሶች ያዘጋጀው ሥልጠና የባሕር ሞገድን ስለሚቋቋሙ ቋሚ መዋቅሮች ንድፍ የሚያስተምር በመሆኑ፣ ባሕር በሌለበት ወሎ ለማን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ከባልደረቦቼ ሰምቻለሁ። መልሱ እዚያው ክፍል ውስጥ ተገኝቷል፤ ክፍያውም የሚያስቆጭ አይደለም።

ከሁሉ የላቀው ስለ መወዛወዣ ጊዜ የተሰጠው ክፍል ነው። መጠነኛ ጥልቀት ባለው ውሃ የሚተከል የብረት ጃኬት (ከባሕሩ ወለል ተነሥቶ መድረክ የሚሸከም የብረት ቧንቧ ማዕቀፍ) አንዴ ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ 2 ወይም 3 ሰከንድ ሲፈጅበት፣ የማዕበል ትልልቅ ሞገዶች ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ ተራርቀው ስለሚመጡ ሁለቱ አይገጣጠሙም፤ ቢገጣጠሙ መወዛወዙ እየተጋነነ ይሄድ ነበር፣ ሬዞናንስ የሚባለውም ይኸው ነው። ውሃው ሲጠልቅ ጃኬቱ ይረዝማል፣ መወዛወዣ ጊዜውም ወደ ሞገዱ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ1988 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በ412 ሜትር ጥልቀት ከተተከለው ቡልዊንክል ከተባለው ጃኬት ወዲህ ለባሰ ጥልቀት ተንሳፋፊ ወይም ሆን ተብሎ እንዲለመጥ የተነደፈ መዋቅር የሚመረጠው፣ ከወጪው ባሻገር በዚህም ምክንያት ነው። አሠልጣኙ ከዚህ ተነሥተው ወደዚሁ ወደ ወሎው ሎጎ ሐይቅ መለሱን፦ እንዲህ ባለ ጠባብ ውሃ ላይ የነፋስ ሞገድ በ2 ሰከንድ ገደማ ስለሚመላለስ፣ በቀጫጭን ምሰሶ የቆመ የጀልባ መሳፈሪያ ከውቅያኖሱ መድረክ ይልቅ ለሬዞናንስ ሊጋለጥ ይችላል። ጠያቂዎቹ ባልደረቦቼ ይህን ቢሰሙት እወድ ነበር።

ሞገድ በቧንቧ ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል የሚያሰላው የሞሪሰን ቀመር በኤክሴል ተሠርቶ ቀርቧል። ለለስላሳ ቧንቧ 0.65 የነበረውን የድራግ ኮፊሸንት (የሚፈሰው ውሃ ቧንቧውን የሚገፋበትን ኃይል ለማስላት የሚገባ ቁጥር)፣ ዛጎልና አልጌ ለለበሰው በ1.05 ስንተካው የድራጉ ኃይል በ60 ከመቶ ያህል አደገ፤ ያውም የቧንቧው መወፈር ሳይታሰብ።

ቅር ያሰኘኝ ፋቲግ፣ ማለትም ብረት በተደጋጋሚ ጫና ብዛት መድከሙ፣ በጥድፊያ መታለፉ ነው። አንድ መድረክ በ20 ዓመት ውስጥ 100 ሚሊዮን ያህል ሞገድ ይመታዋል፤ የብየዳ መጋጠሚያዎቹን የሚሰነጥቀውም አብዛኛውን ጊዜ በመቶ ዓመት አንዴ የሚጠበቀው ማዕበል ሳይሆን ይህ የዘወትር ምልልስ ነው። ይህን የሚያህል ጉዳይ ከምሳ በኋላ፣ ሰው እያንቀላፋ፣ በጥቂት ስላይዶች መሸኘት አልነበረበትም። ስላይዶቹም ከኋላ ወንበር አይነበቡም።

ስትራክቸራል ዳይናሚክስ (የመዋቅሮችን መወዛወዝ የሚያጠና ትምህርት) በቅጡ የተማረ ሰው ቢመዘገብ ይጠቀማል። ያልተማረ ግን አስቀድሞ ስለ ነጠላ ክብደትና ስፕሪንግ መወዛወዝ ቢያነብ ይሻለዋል፤ አሠልጣኙ ከዚያ በታች ወርደው አያስረዱም።