ዱዋልሴንስ ወይስ የኤክስቦክስ ጆይስቲክ?

ሁለቱም ያለ ገመድ ይሠራሉ፤ ዋናው ልዩነታቸው ባትሪ ላይ ነው። የፕሌይስቴሽን 5 ዱዋልሴንስ ውስጡ 1560 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ አለው፤ በታይፕ ሲ ገመድ ይሞላል። ንዝረቱና ትሪገሩን (ከፊት በጠቋሚ ጣት የሚሳበውን ቁልፍ) የሚያከብዱት ሞተሮች ግን ቻርጁን ቶሎ ይጨርሱታል፤ ከሴቲንግ መቀነስ ይረዳል። የኤክስቦክሱ በሁለት ኤኤ ድንጋይ ይሠራል። ሲያልቅ ቀይሮ መቀጠል ነው፤ ከዓመታት በኋላ ባትሪው ደክሞ ጆይስቲኩን መፍታት የለም። ለዕድሜ ከሆነ ይሄኛው ይሻላል።

በስሜት ግን ዱዋልሴንስን የሚያህል የለም፤ በሚደግፉት ጌሞች ቀስት ሲሳብ ትሪገሩ ጣት ሥር እየከበደ ይሄዳል።

የሁለቱም ደካማ ጎን አናሎጉ፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚንቀሳቀሰው ዱላ ነው። ሥሩ ያለው ፖቴንሾሜትር (የዱላውን እንቅስቃሴ የሚለካው ክፍል) በፍትጊያ ሲያልቅ ጌሙ ውስጥ ያለው ተጫዋች አናሎጉን ሳይነኩት ብቻውን ይሄዳል። መጀመሪያ በጌሙ ሴቲንግ ዴድዞኑን (ጌሙ የአናሎጉን ትንሽ ንቅናቄ የማይቆጥርበትን ክልል) ከፍ ማድረግ፤ ካልሆነ ክፍሉ በብየዳ ይቀየራል፣ የለመደ እጅ ይፈልጋል።

ዱዋልሴንስ አልገናኝ ካለ ኮንሶሉን አጥፍቶ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ለ5 ሰከንድ ያህል መጫን፣ ከዚያ በገመድ አያይዞ የፒኤስ ቁልፉን መንካት ነው።

አንዱ በሌላው ኮንሶል ላይ በቀጥታ አይሠራም፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ሁለቱም ይሠራሉ።